ፕሮክተር የሌለው ዶርም

ከአምባሰል ተራሮች ወርደው ሐይቅና ውጫሌ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ልጃገረዶች ተቆጣጣሪ የላቸውም። ያላቸው ቅጽል ስም ነው።

እሑድ ከቀትር በኋላ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አስፋልት ሐይቅ ከተማ ላይ ይጨናነቃል። በባጃጁና በጭነት መኪናው መሐል ማዳበሪያ ያዘሉ ልጃገረዶች ይሽሎከለካሉ። ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ማዳበሪያ አይደለም። የሳምንት እንጀራ፣ በፌስታል የተቋጠረ ሽሮ፣ በውኃ ጠርሙስ የተሞላ ዘይት፣ ቆሎና በሶ ነው። ዕድለኛ የሆነችው ደግሞ እናቷ አባቷ ሳያዩ ደብተሯ መሐል የሸጎጡላት መቶ ብር ታገኛለች።

የተራራው ቀበሌ ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ከተማ ነው፤ ለተሁለደሬዎቹ ሐይቅ፣ ለአምባሰል ወረዳዎቹ ውጫሌ። ተምሮ ማታ ለመመለስ መንገዱ ሩቅ፣ ዳገቱም ክፉ ነው። ስለዚህ ሦስትም አራትም ሆነው ክፍል ይከራያሉ፤ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ማለዳ ወደ ቤት፣ እሑድ ከነስንቃቸው መልስ። በየትኛውም መዝገብ ላይ «አዳሪ ትምህርት ቤት» ተብሎ አልተጻፈም። ልጆቹ ግን ክፍላቸውን «ዶርም» ነው የሚሉት። በአንዱ በር ላይ በጠመኔ «ብሎክ 2፣ ዶርም 7» ተብሎ ተጽፏል። ግቢው ውስጥ ያሉት ክፍሎች ሦስት ብቻ ናቸው።

አይሱዙ፣ ቀለሜዋና ሚኒስትሯ

ክፍሉ ውስጥ አንድ መደብ፣ መሬት ላይ የተነጠፈ አንድ ፍራሽ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተሰቀሉ ቀሚሶች፣ ከበሩ ጀርባ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች አሉ። የኬሚስትሪው ሰንጠረዥ የአንዷ አክስት የሠርግ ፎቶ አጠገብ ተለጥፏል። መደቡ ላይ ሁለት፣ ፍራሹ ላይ ሁለት ይተኛሉ፤ ራስና እግር ተገለባብጠው። ማን ከማን እግር ጋር እንደሚያድር የሚወሰነው በዕጣ ነው። ዕጣው በየሳምንቱ ይጭበረበራል።

እዚህ ማንም በእናት አባቱ ስም አይጠራም። አይሱዙ የምታንኮራፋዋ ናት። ሌሊት ሌሊት የጭነት መኪና በከባድ ማርሽ እያቃሰተ በቤቱ አጠገብ ያልፋል። አንድ ሌሊት መኪናው ካለፈ በኋላ ድምፁ ሳያቆም ቀረ፤ ስሙም በዚያው ወጣ። ቀለሜዋ መብራት ሲጠፋ ሻማ አብርታ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የምትቸክለዋ ናት፤ ሁሉም ያሾፉባታል፣ የቤት ሥራ ሲደርስ ግን ሁሉም ሻይ ያፈሉላታል። ሚኒስትሯ የጋራውን ገንዘብ በካልሲ ቋጥራ ትይዛለች። በጀት የምታጸድቀው ብቻዋን ስትሆን ነው፤ ካልሲው ሲጎድል ደግሞ «የዋጋ ንረት» ትላለች። አራተኛዋ ጉንዳን ትባላለች። ስኳር ያለበትን ዕቃ የትም ቢደብቁት ታገኘዋለች።

ሰው የማያስተውለው፣ እነዚህ ስሞች ሥራ አላቸው። ስኳር ጎደለ እንበል። ቤት ቢሆን እናት ትቆጣለች። ትምህርት ቤት ቢሆን ጉዳዩ ለዩኒት ሊደሩ ይደርሳል። እዚህ እናትም ዩኒት ሊደርም የለም። ያለው የማታ ችሎት ነው። አከራይዋ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራቱን ከቆጣሪው ያጠፉታል፤ ችሎቱ በጨለማ ይሰየማል። አንዷ የቀበሌውን ሊቀመንበር ድምፅ ይዛ ትከፍታለች፤ ሌላዋ የባዮሎጂ መምህሩን ሆና «ጉንዳን በነፍሳት ክፍል የምትመደብ፣ ስድስት እግር ያላት» እያለች ክሱን ታነባለች። ተከሳሿ ራሷ ሳቋን ታፍናለች። የሁለት ቀን ውኃ መቅዳት ተፈርዶባት ያልቃል። ይግባኝ የለም፤ ቂምም የለም።

ይህን የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን የኢኮኖሚ ጉዳይ አድርጌ ነው የማየው። አራት ሆነው የሚከፍሉት ኪራይ አንዷ አኩርፋ ከወጣች ለሦስት ይሆናል። ከሰሉም፣ መብራቱም፣ የውኃው ወረፋም እንደዚያው። ኩርፊያ ከእነዚህ ልጆች አቅም በላይ ነው። ሳቅ ርካሽ ነው።

*«አኩርፋ የወጣች ልጅ የምታስቀረው ቁጣዋን አይደለም፤ የኪራይ ድርሻዋን ነው።»*

እሑድ እንጀራ፣ ሐሙስ ድርቆሽ

የሳምንቱን አየር ሁኔታ የሚወስነው ስንቁ ነው። እሑድ ማታ ሁሉም ሀብታም ነው። እንጀራው ለስላሳ፣ ሽሮው ሙሉ፣ ቆሎው በእፍኝ። ሰኞ ጎረቤት ክፍል ያሉት ሳይቀሩ ይጋበዛሉ። ማክሰኞ ላይ ብልኋ ልጅ ቀሪውን እንጀራ አንድ በአንድ ገልጣ ታሸታለች። ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ሳይጀምረው ቆራርሳ ሰፌድ ላይ ታሰጣዋለች፤ ከአከራይዋ ዶሮዎች የሚጠብቅ ተረኛም ይመደባል። ተረኛዋ ደብተር ይዛ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። ዶሮዋ ከልጅቷ የበለጠ ትዕግሥት አላት። እስከ ረቡዕ የደረቀው ድርቆሽ ሐሙስ ዕለት በበርበሬ፣ በሽንኩርትና በጥቂት ዘይት ፍርፍር ይሆናል። ይህን ያላደረገች ክፍል ሐሙስን በቆሎና በውኃ ትገፋዋለች።

መምህራን ይህን ያውቁታል። ተከራይታ የምትማረዋን ተማሪ በሰኞና በሐሙስ ገጿ እንለያለን የሚሉ አሉ። ሰኞ እጅ ታወጣለች፤ ሐሙስ ጠረጴዛው ላይ አንገቷን ትደፋለች። አንድ የረጅም ጊዜ መምህር ፈተና ለሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንዳይመደብ ለዓመታት ሲሟገቱ መኖራቸውን ይናገራሉ። ተሰሚነት አግኝተው እንደሆነ ሲጠየቁ ይስቃሉ።

እንግሊዞች የልጃገረዶችን አዳሪ ትምህርት ቤት ራሱን የቻለ የቀልድ ዘርፍ አድርገውታል። ሠዓሊው ሮናልድ ሰርል በ1940ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር መሳል የጀመራቸው የሴንት ትሪኒያንስ ተማሪዎች አስተማሪን የሚያስለቅሱ ነበሩ። ኢኒድ ብላይተን በማሎሪ ታወርስ መጻሕፍቷ ውስጥ ልጆቹን እኩለ ሌሊት ላይ ቀስቅሳ ኬክ ታበላቸዋለች። የዚያ ቀልድ ጨው ተቆጣጣሪዋ ናት፤ እሷ ትይዘናለች ባይባል ኖሮ ኬኩ አይጣፍጥም ነበር። ሐይቅ ውስጥ እኩለ ሌሊት ላይ በሶ በጥብጣ የምትጠጣ ልጅ ግን ከማንም ትእዛዝ አላመፀችም። ከሐሙስ ነው የሰረቀችው። ጓደኞቿም ከእንቅልፋቸው ሆነው ማንኪያው ኩባያውን ሲነካ ይሰማሉ።

ሽሮ ሃይማኖት የለውም

ወሎ ስለሆነ ከአራቱ ሁለቱ ሙስሊም፣ ሁለቱ ክርስቲያን መሆናቸው አይገርምም። ይህ ስለ ወሎ ሲወራ ሁልጊዜ በማር የሚቀባ ርዕስ ነው። ምድጃው አጠገብ ሲታይ ግን ሒሳብ ይበዛዋል።

ሥጋ ሁለት ነው፤ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ቢላ ላይ የሚጠራው ስም ይለያያል። ስለዚህ የጋራ ድስት ውስጥ ሥጋ አይገባም። ዒድ ሲመጣ ሙስሊሞቹ፣ ፋሲካ ሲመጣ ክርስቲያኖቹ ከቤት የተላከላቸውን ጥብስ በየጥግ በልተው ድስታቸውን ለየብቻ ያጥባሉ፤ ሌሎቹ ሽታውን ተካፍለው «ይጣፍጣል» ይላሉ። ረቡዕና ዓርብ ቅቤ የለም። ውጤቱ በየትኛውም ቀን፣ በየትኛውም ሃይማኖት የሚያስኬደው ምግብ አንድ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። በዚህ ምክንያት ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ሽሮ ይበላል። መቻቻል የሚባለው ነገር ጣዕም ካለው፣ የሽሮ ጣዕም ነው።

ሐይቁ ያለበት ከተማ መሆኑ ግን አንድ መውጫ ሰጥቷል። ዓሣ አይታረድም። ቆሮሶው ከውኃ ወጥቶ ሞተ፤ ማን ስም እንደጠራበት አይጠየቅም። ገንዘብ ሲገኝ ከአጥማጆቹ ትንንሹን በርካሽ ገዝተው ይጠብሱታል፤ አራቱም ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ከዚያ አንዷ «በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም?» ብላ ታነሣለች። ይህ ክርክር ቄስና መምህር ሲሟገቱበት የኖረ ስለሆነ ዶርም 7 ውስጥ አይፈታም፤ ክርክሩ ሲሞቅ ግን ዓሣው ሁልጊዜ በሙስሊሞቹ በኩል ቀድሞ ያልቃል።

በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን አምስት ቀን ብቻ ቆይቶ ተከተለው። ለወር ያህል ቀን ምድጃ የሚያነድ ሰው ጠፋ። ሙስሊሞቹ ለሱሁር ሲነሡ አንድ ክፍል ውስጥ ስለሚተኛ ሁሉም ይነሣል፤ ክርስቲያኖቹ ዓይናቸውን እያሹ «እኛን ለምን?» ይላሉ። ማታ ግን የመግሪብ አዛን ለአራቱም የእራት ደወል ሆነ። ከሰል ቆጥበዋል። ሚኒስትሯ ሁለቱ ጾሞች በየዓመቱ እንዲገጣጠሙ የሚመለከተው አካል እንዲያስብበት ሐሳብ አቅርባለች።

የወንዶቹ ጎጆ

ከቤት ርቆ እያደሩ መማር ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ የሆነው ሴቶች መሆናቸው ነው። ሐይቁ ዳር ያለው ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ትልቅ የትምህርት ማዕከል ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ ተምረዋል፤ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያስጻፉት ወንጌልም እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ዛሬም ሴት ወደ ገዳሙ አትገባም። ከሐይቅ ከተማ ከሰዓት በኋላ ውኃውን ለማየት ከሚወጡት ተማሪዎች ወንዶቹ ሲዘልቁ ልጃገረዶቹ ከበሩ ወዲህ ይቀራሉ።

የቆሎ ተማሪው ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ጎጆ ቀልሶ ያድራል። የሙስሊሙ ደረሳም ጀማ ንጉሥና ዳናን በመሰሉ የወሎ ማዕከላት ከሼሁ ደጅ አድሮ ይቀራል፤ መንደሩ ያበላዋል። ሁለቱም በተንኮልና በቀልድ ስማቸው የተነሣ ነው። ቀን ለልመና የወጣ፣ ማታ ቅኔ የሚዘርፍ ልጅ ረኃብን የሚከላከልበት መሣሪያ ምላሱ ብቻ ነበረ። አምባሰል ውስጥ ያለችው ግሸን አምባ ደግሞ ለብዙ ዘመናት የነገሥታት ልጆች ተሰብስበው እንዳይሸሹ የሚጠበቁባት ነበረች። ጥበቃው ከየትኛውም ፕሮክተር የጠነከረ፣ ምረቃው ግን ዙፋን ሊሆን የሚችል አዳሪ ቤት ነው ብል ታሪክ አዋቂዎች ይቅር ይበሉኝ።

ከአምባሰል እስከ ስድስት ኪሎ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው በግማሽ የሚያውቀው ነገር አለ። በኢትዮጵያ ለልጃገረዶች የተከፈተውን ስመ ጥር ትምህርት ቤት ያቋቋሙት እቴጌ መነን የአምባሰል ልጅ ናቸው። አባታቸው የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስሂን ናቸው፤ በደሴ በእናታቸው ስም የተጠራው ትምህርት ቤት ዝናው ገና አለ። መነን ራሳቸው ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ቤት ውስጥ ፊደል ቆጥረው፣ በዘመኑ ወግ ገና በልጅነታቸው ተዳሩ።

ከዘውድ በዓሉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በፈረንጆች 1931፣ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ተከፈተ። በጣሊያን ወረራ ተቋርጦ ከነፃነት በኋላ ተመለሰ። ስንዱ ገብሩ፣ በኋላ በፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ የሆኑት፣ እዚያ ዲሬክተር ሆነው ተማሪዎቻቸው የሚጫወቷቸውን ተውኔቶች ይጽፉ ነበር። መድረክ ላይ ወንድ ገጸ ባሕርይ ሲኖር ልጃገረዶቹ ጢም ለጥፈው ይወጣሉ። በደርግ ዘመን ስሙ ወደ የካቲት 12 ተለውጦ ወንዶችም ገቡበት፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የድሮ ስሙን መልሶ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሆኗል።

የዚያ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች፣ ዛሬ አያት የሆኑት፣ ስለ ዶርማቸው ሲጠየቁ የሚያስታውሱት ከትምህርቱ በላይ ትራስ ስር የተደበቀ ዳቦ፣ በመስኮት የወረደ ደብዳቤና አስተማሪን አስመስሎ መራመድ ነው። ይህን የሰማች አንዲት የሐይቅ ተማሪ የጠየቀችው ጥያቄ «እንጀራ በነፃ ይሰጧቸው ነበር?» የሚል ነበር። አዎ ሲሏት፣ «ታዲያ ምኑን ሊስቁ?» አለች።

*«እንጀራ በነፃ ይሰጧቸው ነበር? ታዲያ ምኑን ሊስቁ?»*

መልሷ ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለው። መነን የከፈቱት በር ለልጃገረዶች አልጋ፣ ምግብና ጥበቃን ከትምህርት ጋር አንድ ላይ ሰጠ። የተወለዱበት ተራራ ልጆች ግን ዛሬም ትምህርቱን ከመንግሥት፣ አልጋውን ከአከራይ፣ ምግቡን ከእናታቸው ጀርባ ያገኛሉ። ለጥበቃው ደግሞ አከራይዋ አሉ።

እትዬና የአክስት ልጆች

አከራይዋ በልጆቹ አፍ እትዬ ናቸው። እኩሌታ እናት፣ እኩሌታ ፖሊስ ሆነው ያገለግላሉ። ከወንድ ተማሪ ሴት ይሻለኛል ይላሉ፤ ወንዶቹ በር ይሰብራሉ፣ ሴቶቹ ውኃ ይጨርሳሉ፣ ውኃ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ጥብቅ ሕጋቸው አንድ ነው፤ ወንድ ግቢ አይገባም። ከዚህ ሕግ ነፃ የሆነው የአክስት ልጅ ብቻ ነው። በመሆኑም በዚህ ግቢ የአክስት ልጅ የሌላት ተማሪ የለችም። እትዬ አንድ ቀን አንዱን ይዘው የአያቱን ስም ጠየቁት፤ እስከ አራት ትውልድ ቆጥሮ አምስተኛው ላይ ተደናቀፈና ተባረረ።

አባቶችም ለቁጥጥር ይመጣሉ። ከተራራው የወረዱ ገበሬ በሩ ላይ ቆመው መወርወሪያውን ይፈትሻሉ፣ ድስቱን ይቆጥራሉ፣ ከግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ዘፋኝ ለረጅም ጊዜ ያዩና «ይህ መምህራችሁ ነው?» ይላሉ። አራቱም በአንድ ድምፅ አዎ ይላሉ። አባት ልባቸው ረግቶ ይመለሳሉ።

ሳቁ ሁሉንም አይሸፍንም። ከብዙ ክፍል አንዷ ልጅ መሐል ላይ ትጎድላለች። አንዷን ይድሯታል፤ ሌላዋ ወደ ዐረብ አገር ትሄዳለች። ለብዙዎቹ የክፍል ኪራይ የሚላከውም ከዚያው፣ ከሳዑዲ ወይም ከቤይሩት፣ ከታላቅ እህት ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅን፣ ውጫሌንና ደሴን ሲያዳርስ ክፍሎቹ ባዶ ሆኑ፤ የተመለሱት ልጆች ያጡት መጀመሪያ ፍራሽና ጀሪካን ነበር። አንዷ የጠፋባትን ጀሪካን ሠፈር ውስጥ በሌላ ቤት አይታ አወቀችው። ክዳኑ ላይ ቅጽል ስሟ ተጽፎበት ነበር።

እውነተኛው ፕሮክተር

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እዚያው አድረው እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ዓላማው ስርቆትንና የፈተና መሾለክን መከላከል ነበር። ስለዚህ የዶርም 7 ልጆች ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ደሴ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ዶርም ይገባሉ። ስልክ በር ላይ ይቀራል። ፍተሻው ጠንካራ ነው፤ ቆሎ ግን ያልፋል።

እያንዳንዷ የራሷ አልጋ አላት፤ የማንም እግር ከራሷ አጠገብ የለም። ካፌ የሚባል አዳራሽ ውስጥ ተሰልፈው ይበላሉ፤ ሐሙስም እንደ ሰኞ ይበላል። ፕሮክተር አለች፤ በር ታንኳኳለች፣ ሰዓት ትናገራለች፣ በፈተና ዋዜማ ወሬ የሚያበዛውን ክፍል ትቆጣለች። ልጆቹ መጀመሪያ ይፈሯታል፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ድምፅዋን የምታስመስል ትገኛለች፤ በሦስተኛው ቀን ከውጭ «መብራት አጥፉ!» ሲባል ፕሮክተሯ ትሁን ጉንዳን መለየት ያስቸግራል።

አራቱ ግን አንድ ክፍል አልደረሳቸውም። ምደባው በመፈተኛ ቁጥር ነውና አይሱዙ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር ሆነች፤ ከወረባቦ፣ ከኩታበር፣ ከደላንታ የመጡ። ስለ ስሟ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ደሴ ገብቼ እንደገና ልጀምር ብላ ነበር። በነጋታው ለቁርስ ሲሰለፉ ከኋላዋ ያለችው የደላንታ ልጅ ለጓደኛዋ «ትናንት ማታ እኛ ክፍል ሲኖትራክ ገብቶ አድሯል» ስትል ሰማች።